እንፋሎቱ የት ገባ?

የገዛችሁት የኢንተርኔት ጥቅል ገና ሳምንት ሳይሞላው “አልቋል” የሚል መልዕክት ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ መናደድ ነው፣ እሱ ግልጽ ነው። ቀጥሎ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የዳታ አጠቃቀሙን ትከፍታላችሁ። እዚያ ሁሉም በየስሙ ተዘርዝሯል። ቲክቶክ ይህን ያህል በላ፣ ዩቲዩብ ይህን ያህል፣ አውርዳችሁ የረሳችሁት አንድ አፕ ደግሞ ከጀርባ ሆኖ ዝም ብሎ ይህን ያህል ጠጥቷል። ክርክር የለም። ማን እንደበላ ታይቷል፣ እሱን መዝጋት ብቻ ነው።

አሁን ይቺ ገጽ ስልካችሁ ላይ የለችም ብላችሁ አስቡ። ጥቅሉ ማለቁን ብቻ ታውቃላችሁ። እናንተ “ወንድሜ ሆትስፖት ስለተጠቀመ ነው” ትላላችሁ፤ እሱ ደግሞ “ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ስታይ ያደርከው አንተ ነህ” ይላል። ማስረጃ ስለሌለ በመጨረሻ የሚያሸንፈው ታላቅ የሆነው ነው።

ቆጣሪ በሌለው ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ነገር ልክ እንደዚህ ነው። የነዳጅ ታንከሩ መጉደሉ ይታወቃል። ቦይለሩ ሲነድ መሰንበቱም ይታወቃል። የተመረተው እንፋሎት በየትኛው ቧንቧ፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የትኛው ክፍል ሄዶ እንዳለቀ ግን የሚያውቅ የለም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ይህንን ስለሚያውቀው ዕቃ ነው። ግድግዳ ላይ የምትሰቀል፣ ትንሽ ስክሪን ያላት፣ ከመጽሐፍ ብዙም የማትበልጥ ሳጥን ናት። የእንፋሎት ፍሰት ኮምፒውተር ትባላለች። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ስለ ቧንቧ ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ለመሆኑ እንፋሎት ፋብሪካ ውስጥ ምን ይሠራል? ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዙ ልጁ ወተቱን ከማሽኑ ቀጭን ቧንቧ ሥር አስጠግቶ ሲከፍተው የሚሰማውን “ሽሽሽ” ታውቁታላችሁ። ከፍሪጅ የወጣው ወተት በሰከንዶች ውስጥ አፍ የሚያቃጥል ይሆናል። ሥራው ይኸው ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ ሄዶ ማራገፍ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ገንዳውን የሚያሞቀው፣ ቢራ ፋብሪካ የብቅሉን ጭማቂ የሚያፈላው፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች አንሶላና የቀዶ ጥገና ዕቃ ከጀርም የሚያጸዱት በእንፋሎት ነው። እንደ ወንጂና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች ደግሞ ከተጨመቀው አገዳ የሚተርፈውን ገለባ አንድደው እንፋሎት ያመርታሉ፣ በእሱ መብራትም ያመነጫሉ፣ ጭማቂውንም ያፈላሉ።

ነገሩን የሚያስወድደው ሙቀቱ ነው። 1 ኪሎ ውሃ ከ0 ተነስቶ 100 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ 419 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን እዚያው 100 ዲግሪ ላይ እንዳለ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ብቻ ሌላ 2,257 ኪሎ ጁል ይውጣል። ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ ሳይል ከ5 እጥፍ በላይ! ይህ የተዋጠ ሙቀት እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ነክቶ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ነው የሚለቀቀው። የማኪያቶው ወተት ቶሎ የሚሞቀውም ለዚህ ነው።

ያ ሙቀት በነጻ አይመጣም። የቦይለር ሰዎች ፈርነስ የሚሉት፣ የዋጋ ማስታወቂያው ላይ ጥቁር ናፍጣ ተብሎ የሚወጣው ነዳጅ በዶላር ተገዝቶ ከውጭ የሚገባ ነው። ደህና የሚሠራ ቦይለር 1 ቶን እንፋሎት ለማምረት በግምት 75 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያቃጥላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 58 ብር እንኳ ያልሞላው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ታስታውሳላችሁ። “ኧረ ትንሽ ናት” ተብላ የታለፈች የቧንቧ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ውድ ሆነች ማለት ነው።

ምን ያህል ውድ? ሒሳቧን እንሥራት። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ፣ 7 ባር ግፊት ባለው ቧንቧ ላይ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም እንፋሎት ታስወጣለች። (ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ የመኪና ጎማ ወደ 2 ባር ተኩል ገደማ ይነፋል።) 25 ኪሎ እንበል። ቦይለሩ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ ከሆነ 219 ቶን እንፋሎት ይወጣል፤ በነዳጅ ሲታሰብ ከ16 ቶን በላይ። በአንድ የእስክሪብቶ ጫፍ በምታክል ቀዳዳ!

ታዲያ እንደ ውሃ ቆጣሪ ነገር ገጥሞ መቁጠር ነው፣ ምን ያስቸግራል? ያስቸግራል እንጂ። ውሃ ብትጫኑትም ባትጫኑትም ያው ውሃ ነው፤ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ ነው። እንፋሎት ግን ግፊቱ ሲጨምር ይታጨቃል፣ ሲቀንስ ይሳሳል። ግፊቱ 8 ባር ሲሆን 1 ሜትር ኩብ እንፋሎት 4.16 ኪሎ ይመዝናል። ወደ 6 ባር ሲወርድ ያው 1 ሜትር ኩብ 3.17 ኪሎ ብቻ ይሆናል። (ሁለቱም ከፍጹም ባዶ ተነስቶ ሲቆጠር ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወደ ኋላ ላይ ይገባችኋል።) እንግዲህ ቆጣሪው መጠኑን ብቻ እየቆጠረ፣ ክብደቱን “ሁልጊዜ 8 ባር ነው” ብሎ ቢያባዛ፣ ግፊቱ በወረደ ቁጥር ከእውነቱ 31 በመቶ አብዝቶ ይጽፋል። ይሄ ስህተት ሳይሆን ዝርፊያ ነው የሚመስለው፣ በተለይ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ።

የፍሰት ኮምፒውተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያዳምጣል። የመጀመሪያው ፍሰት ነው። አንዱ ዘዴ ቧንቧው ውስጥ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ብረት ማስገባትና ከፊቱና ከኋላው ያለውን የግፊት ልዩነት መለካት ነው፤ ኦሪፊስ ይሉታል። ሌላው ዘዴ ቮርቴክስ ይባላል። ወንዝ የድልድይ ምሰሶ ሲመታ ከኋላው ውሃው ሲሽከረከር አይታችኋል? እንደዚያው እንፋሎቱ መንገድ ላይ የተተከለ ብረት ሲመታ ከኋላው ግራ ቀኝ እየተፈራረቀ ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቶቹን የቆጠረ ፍጥነቱን አወቀ። ሁለተኛው ግፊት ነው። ሦስተኛው ሙቀት፤ እሱን የሚለካው በአብዛኛው ፒቲ-100 የሚባል የፕላቲነም ሴንሰር ነው። 0 ዲግሪ ላይ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ልክ 100 ኦም ስለሆነ ነው ስሙ፤ ሲሞቅ ይጨምራል።

ሳጥኗ እነዚህን ተቀብላ፣ በዚያ ግፊትና ሙቀት 1 ሜትር ኩብ እንፋሎት ስንት ኪሎ እንደሆነና ስንት ሙቀት እንደያዘ ውስጧ ካለው ቀመር ታወጣለች። ቀመሩ የውሃና የእንፋሎትን ባሕርይ የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ለኢንዱስትሪ ያወጣው ነው። ድሮ መሐንዲሶች ወፍራም ሠንጠረዥ እያገላበጡ ይፈልጉት የነበረውን እሷ በየሰከንዱ ትሠራዋለች። ከዚያ ሁለት ቁጥር ታሳያለች፤ አሁን በሰዓት ስንት ኪሎ እያለፈ እንደሆነና እስካሁን በድምሩ ስንት ቶን እንዳለፈ።

አንድ የወደድኩላትን ነገር ልንገራችሁ። ሴንሰሮቹ ብዙ ጊዜ መልዕክት የሚልኩት ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር በሚደርስ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 10 ባር ከሆነ፣ 4 ማለት 0 ባር፣ 12 ማለት 5 ባር፣ 20 ማለት 10 ባር ነው። ለምን ከ0 አልጀመሩም? ሽቦው ቢቆረጥ የሚመጣው 0 ስለሆነ ነው! 4 ሲመጣ “አለሁ፣ ግን ምንም የለም” ማለት ነው፤ 0 ሲመጣ ግን “የሚናገር ሰው የለም”። መልስ ባለመምጣቱና “የለም” የሚል መልስ በመምጣቱ መሐል ያለውን ልዩነት ቴክስት ልካችሁ የጠበቃችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር። አብዛኞቹ የግፊት መለኪያዎች የሚያነቡት ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ለስሌቱ ከፍጹም ባዶ የተነሳውን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የአየሩን ግፊት ራሱ ይደምርበታል። ስንት? ፋብሪካው ሲሠራው የባሕር ጠለል ላይ እንዳለ አስቦ 1.013 ባር ብሎ ሊልከው ይችላል። አዲስ አበባ ግን ባሕር ዳርቻ አይደለችም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ 0.76 ባር ገደማ ነው፤ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላውም ለዚህ ነው። ያቺን ቁጥር የሚያስተካክል ሰው ከሌለ፣ በ7 ባር ቧንቧ ላይ ቆጣሪው 3 በመቶ ያህል አብዝቶ ሊያነብ ይችላል። ግፊቱ 1 ባር ብቻ በሆነ ቧንቧ ላይ ደግሞ ስህተቱ ከ10 በመቶ ያልፋል። ከባዶ የሚለካ ሴንሰር ከተገጠመ ችግሩ የለም። ካልተገጠመ ግን ከሜኑው ውስጥ አንዲት ቁጥር መቀየር፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ዕቃውን በውድ ገዝቶ ይህቺን መዝለል ያሳዝናል።

እስካሁን ያወራነው ስለ መለካት ነው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር መመዝገቡ ነው። የቅጽበቷ ቁጥር ብቻዋን ብዙም አትናገርም፤ አሁን በሰዓት 3 ቶን እያለፈ ነው ቢሏችሁ ምን ታደርጉበታላችሁ? ትናንት በዚህ ሰዓት ስንት ነበር? እሁድስ? የቀለሙ ማሽን ሲጠፋስ? ይህን የሚመልሰው መዝገቡ ነው። ሳጥኗ በተነገራት ልክ፣ በየደቂቃው ወይም በየ15 ደቂቃው፣ ፍሰቱን፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱን ከነሰዓቱ ትጽፋለች። በየደቂቃው ከሆነ በቀን 1,440 መስመር ነው። በፍላሽ ወይም በኬብል ታወጡታላችሁ፣ ሲም ካርድ ካላት ራሷ ትልካለች፣ ከዚያ ኤክሴል ላይ ከፍቶ ግራፍ ማድረግ ነው።

በስንት ደቂቃ ይመዝገብ የሚለው ቀላል ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ብዙ ገንዘብ አለበት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀየር አራቱም የማቅለሚያ ማሽኖች በአንድ ላይ ተከፈቱ እንበል። ለ5 ደቂቃ ፍጆታው በሰዓት 6 ቶን ደረሰ፤ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ወደ 1.5 ቶን ወረደ። በየ15 ደቂቃው አማካዩን ብቻ የሚጽፍ መዝገብ ላይ የሚታየው 3 ቶን ነው። ቦይለሩ 4 ቶን የሚችል ከሆነ “ምን ጎደለ?” ያሰኛል። ነገር ግን በእነዚያ 5 ደቂቃዎች ግፊቱ ይወድቃል፣ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ተገንፍሎ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፣ ቀለሙም ሳይዝ ይቀራል። የክፍሉ ኃላፊ “እንፋሎት አይበቃንም” ይላል፣ ትክክል ነው። የቦይለር ክፍሉ “ይበቃል” ይላል፣ በአማካይ ካየነው እሱም ትክክል ነው። ከዚህ ክርክር የሚወለደው ሁለተኛ ቦይለር መግዛት ነው፣ በውጭ ምንዛሪ። በየደቂቃው የተመዘገበ ግራፍ ቢኖር ግን ሹል ጫፏ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት ትታይ ነበር። መፍትሔዋም ማሽኖቹን በ10 በ10 ደቂቃ ልዩነት ማስነሳት ሊሆን ይችላል። በቃ።

ስለ ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ እኛ አገር ያለች ልዩ ጣጣም አለች። ሳጥኗ ጠዋት 2 ሰዓት የምትለው የለም፤ 8፡00 ነው የምትለው። ቀኗ የሚቀየረው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ላይ ነው። ኦፕሬተሩ ደብተሩ ላይ “ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቫልቭ ተዘጋ” ብሎ የጻፈውን፣ ሳጥኗ እሁድ 2፡00 ብላ ይዛዋለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማያውቅ ሰው ቫልቭ ተዘግቶ እንፋሎት የሚፈስ ሊመስለው ይችላል። የወሩም ነገር እንዲሁ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የእነሱ አንዴ 30 አንዴ 31፤ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ይደናገራል። የነዳጅ ወጪው በእኛ ወር ተዘግቶ የእንፋሎቱ ድምር በእነሱ ወር ከወጣ፣ ቦይለሩ አንዱን ወር ጎበዝ ሌላውን ወር ሰነፍ ይመስላል። ቦይለሩ ግን ያው ቦይለር ነው። ስለዚህ የወር ድምር ከሳጥኗ ከመውሰድ የየቀኑን ወስዶ ራስ መደመር ይሻላል።

መብራት ሲጠፋስ? ደህና የሆነች ሳጥን ድምሩን መብራት በማያጠፋው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ መዝገቡ ላይ ግን ክፍተት ይፈጠራል። ይህንን ክፍተት ኤክሴል ላይ 0 ብሎ የሚሞላ ሰው አለ፤ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ጀነሬተር ተነስቶ ቦይለሩ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ ሳጥኗ ብቻ ሳትነሳ። ያ ሰዓት “አልታወቀም” እንጂ “አልፈሰሰም” አይባልም። ቅድም ያልኳችሁ የ4 እና የ0 ሚሊ አምፒር ጉዳይ ራሱ ነው።

አሁን ወደ እኔ ትምህርት ልምጣ። ተመራቂ ተማሪ እያለሁ ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ፍለጋ አንድ የልብስና ጨርቅ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ለሁለት ሳምንት ተመላልሼ ነበር። የነዳጅ ወጪው ለየክፍሉ የሚከፋፈለው በምን ይመስላችኋል? በካሬ! ሰፊ አዳራሽ ያለው ብዙ ይሸከማል፣ ጠባብ ያለው ትንሽ። የስፌት አዳራሹ ሰፊ ነው፣ እንፋሎት የሚጠቀመው ግን ለካውያ ብቻ ነው። የማቅለሚያው ክፍል ጠባብ ነው፣ እንፋሎቱን የሚጠጣው ግን እሱ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ስፌት ከሳሪ፣ ማቅለሚያ ደግሞ አትራፊ ይመስላል። የስፌቷ ኃላፊ በየስብሰባው ይህን ታነሳለች፤ ማስረጃ አምጪ ስትባል ግን የምታመጣው የላትም። የማቅለሚያውም ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ቫልቩን ቢዘጋም ባይዘጋም የሚታሰብበት ያው ከሆነ፣ ምን ብሎ ሰው ልኮ ያዘጋዋል? ክፍል ውስጥ “የጋራ ሀብት ያለ ልክ ይባክናል” የሚለውን ስንማር ምሳሌው ሁልጊዜ የግጦሽ መሬት ነበር። እኔ ያየሁት በብረት ቧንቧ ውስጥ ነው።

ይህ ጭቅጭቅ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ የእንፋሎት ሞተር ራሱ ያደገው በዚሁ ጭቅጭቅ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጨረሻ ጄምስ ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ሞተራቸውን ይዘው ኮርንዎል ወደምትባለው የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ግዛት ሄዱ። እዚያ የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን ጉድጓዶች አሉ፣ ጉድጓዶቹ ውሃ ይሞላሉ፣ ውሃውን ለማውጣት ሞተር ያስፈልጋል። የድንጋይ ከሰል ግን የለም፤ ከዌልስ በመርከብ ነው የሚመጣው። ነዳጅ ከውጭ ማስገባት ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዋትና ቦልተን ታዲያ ሞተሩን እንደ ዕቃ ሸጠው አልሄዱም። “የኛ ሞተር ከድሮው ይልቅ የሚቆጥብላችሁን ከሰል አስሉ፣ የቁጠባውን አንድ ሦስተኛ ስጡን” አሉ። የዛሬ ስታርታፕ ሊለው የሚችል ነገር ነው። ግን ስንት ተቆጠበ የሚለውን ማን ይናገራል? ሞተሩ ላይ ምቱን የሚቆጥር መሣሪያ በቁልፍ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አድርገው ገጠሙ። ቆጣሪው በእነሱ እጅ፣ ሒሳቡም በእነሱ እጅ። የማዕድን ባለቤቶቹ ደስተኛ አልነበሩም፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1796 ደግሞ የዋት ረዳት የነበረው ጆን ሳዘርን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት በእርሳስ ወረቀት ላይ የሚስል መሣሪያ ሠራ። የዛሬው ዳታ ሎገር ቅድመ አያት በሉት። እነሱ ግን ለብዙ ዓመታት ምስጢር አድርገው ያዙት።

የፈጠራ መብቱ በ1800 አበቃ፣ የዋት ሰዎችም ኮርንዎልን ለቀው ወጡ። ክፍያው ቀረ፣ ቁጥጥሩም አብሮ ቀረ። ከዚያስ? ሞተሮቹ ተሻሻሉ? ተበላሹ እንጂ። የሚቆጥራቸው ሲጠፋ ብዙዎቹ ከሰል ማባከን ጀመሩ። በ1811 ኢዮኤል ሊን የሚባል የማዕድን ሥራ ኃላፊ አንድ ነገር ጀመረ። የየማዕድኑን ሞተር በአንድ መስፈሪያ ከሰል ምን ያህል ውሃ ምን ያህል ከፍታ ድረስ እንዳወጣ እየለካ በየወሩ ማሳተም። የሁሉም፣ በስም፣ ለሁሉም። አሁን የእከሌ ሞተር ከእከሌ እንደሚበልጥ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መሐንዲሶቹ ተፎካከሩ፣ አንዱ ያሻሻለውን ሌላው እየተቀበለ ጨመረበት። በሦስት አስርት ዓመታት ውስጥ በዚያው ከሰል የሚሠራው ሥራ በአማካይ ወደ 3 እጥፍ ገደማ አደገ። ሕትመቱ እስከ 1904 ድረስ ቀጥሏል።

መሣሪያው በሁለቱም ጊዜ ቆጣሪ ነበር። የተለየው መዝገቡን የሚያየው ሰው ነው። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲሆን ሒሳብ መክፈያ ሆነ፤ ሁሉም ሲያየው ሞተር ማሻሻያ ሆነ። የፍሰት ኮምፒውተር የምታስገቡ ፋብሪካዎች ካላችሁ፣ ከዋጋዋ እኩል ይህንን አስቡበት ነው የምለው። ዛሬም ሳጥኗ የይለፍ ቃል አላት። የቀዳዳውን ስፋት ወይም የአየሩን ግፊት ቀይሮ ቁጥሩን ወደፈለገበት መግፋት የሚችል ሰው ቃሉን የያዘው ነው። ሁለት ድርጅቶች አንድ ቦይለር ተጋርተው የሚከፍሉ ከሆነ፣ ቃሉን ከፋዩም ሻጩም አብረው ይያዙት፤ የተቀየረ ነገር ካለም መዝገቡ ላይ ከነቀኑ ይታይ።

ሳጥኗን ግን እንደ ታቦት አትሳለሟት፣ የማታየው ብዙ ነገር አለ። ኦሪፊስ የሚባለው ዘዴ ፍሰቱ ግማሽ ሲሆን የግፊት ልዩነቱ ሩብ ይሆናል፤ ፍሰቱ አንድ አስረኛ ሲሆን አንድ መቶኛ። ስለዚህ ዝቅ ባለ ፍሰት ላይ ትታወራለች፣ ብዙ ጊዜም ከተወሰነ በታች ያለውን ራሷ 0 ብላ ትዘጋዋለች። በሰዓት 5 ቶን የሚያሳልፍ ዋና ቧንቧ ላይ የተገጠመ ቆጣሪ፣ ቅድም ያሰላናትን የ25 ኪሎ ቀዳዳ አያያትም፤ እሷን የሚያገኛት ጆሮና ባትሪ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። እርጥብ እንፋሎት፣ ማለትም የውሃ ጠብታ ያዘለ፣ ሲመጣም ደረቅ ነው ብላ ነው የምታሰላው፣ ጠብታውን የምትለይበት ነገር የላትም። ከመታጠፊያ አጠገብ ከተገጠመች ደግሞ ፍሰቱ ተረብሾ ስለሚደርሳት የምትለው አይታመንም።

እሁድንም ቢሆን ብቻዋን አትፈታውም። እንበል ፋብሪካው እሁድ ዝግ ነው፣ ግራፉ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ በሰዓት 500 ኪሎ ይፈሳል። በቀን 12 ቶን፣ በነዳጅ 900 ኪሎ፣ በዓመት ከ46 ቶን በላይ። ቢሮ ያለው ሰው ይህን ሲያይ “ሌቦች!” ብሎ ይነሳ ይሆናል። ቦይለር ክፍል ያለው ሰው ግን ከባድ ጥቁር ናፍጣ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ፣ ሰኞ ጠዋት በፓምፕ እንዲሄድ ታንከሩ ሥር እንፋሎት ሲዞር ማደር እንዳለበት ያውቃል። ከ500ው ውስጥ ስንቱ ለታንከሩ ነው፣ ስንቱ ሳይዘጋ በቀረ የማቅለሚያ ቫልቭ፣ ስንቱ ደግሞ በተበላሸ ስቲም ትራፕ የሚያልፍ ነው? አንድ እሁድ አንዱን ቫልቭ፣ በሚቀጥለው እሁድ ሌላውን እየዘጉ ግራፉ በስንት እንደወረደ ማየት ነው። ሦስት አራት እሁድ ይፈጃል።

ይህን ለማድረግ ግን ቫልቭ የሚዘጋው ሰው ግራፉን ማየት አለበት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ከተሰቀለው ስክሪን በተጨማሪ ለቦይለር ክፍሉ ሁለተኛ ማሳያ መሳብ ከአንድ ኬብል ብዙም የማይበልጥ ወጪ ነው። ኬብሉን እንኳ ባይገዙ፣ ሰኞ ሰኞ የእሁዱን ግራፍ አትሞ ግድግዳው ላይ መለጠፍ፣ አጠገቡም እስክሪብቶ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ኦፕሬተሩ ከእያንዳንዷ ጉብታ ጎን ምን እንደነበረች ይጽፍበታል፣ በእኛ ሰዓት።